የሰሜን ብርሃንን በሰሌዳ ጠመኔ መሣል ይቻላል? ለጀማሪ ልጆች ነው

የአዘዞ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁም። አዘዞ በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ዐርብ ከሰዓት በኋላ የሥዕል ክበቡን የምመራውም እኔ ነኝ። የክበቡ አባላት ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ዓመቱ ካለፈበት የግድግዳ ካላንደር የተገነጠለ ወረቀት ይዛ መጣች። ፎቶግራፉ በበረዶ የተሸፈነ ሜዳ፣ በሜዳው ዳር ቀጫጭን ዛፎች፣ ከዛፎቹ በላይ ደግሞ የሰሜን ብርሃን የሚባለው አረንጓዴ ብርሃን የተዘረጋበት የሌሊት ሰማይ ያሳያል። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር እንሣል ብላቸው የሚሰማኝ የለም፤ እኔም ብሆን እንዲተዉት አልፈልግም።

እጃችን ላይ ያለው ዕቃ የሰሌዳ ባለ ቀለም ጠመኔ፣ ጥቁር ካርቶን፣ ነጭ የሥዕል ወረቀት፣ አንድ ሁለት ሣጥን የውሃ ቀለምና ጥቂት ብሩሾች ናቸው። አክሪሊክም ሆነ ጥሩ ፓስቴል የለንም። ወላጆችን ግዙ ማለት አልፈልግም፤ የአንዳንዶቹን ኑሮ አውቀዋለሁ።

ልጆቹ ቀለሙን አጥብቀው ይቀባሉ፤ የሚወጣው ግን ብርሃን አይመስልም። አንዳንዱ ቀለሞቹን እንደ ቀስተ ደመና በመስመር ይደረድራቸዋል። ሌላው አረንጓዴውን እስከ ተራራው ድረስ ያወርደዋል፤ ሰማይና ምድሩ ይቀላቀልበታል። ብርሃኑ እንዲያበራ የሚያደርገው ምንድን ነው? የትኛው ቀለም ከላይ፣ የትኛውስ ከታች ይሆናል? ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ ከብርሃኑ በታች የፋሲል ግንብን ካልሣልን ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታይም፣ ውሸት ይሆናል» ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገን ትክክል መስሎ ይታየኛል። የምታውቁ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።


ሰዓሊ ከፒያሳ፦

መምህርት፣ ልጆቹ የመረጡትን ስላልከለከሏቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰሌዳ ጠመኔና ጥቁር ካርቶን ካለዎት ሌላ ዕቃ አይፈልጉ፤ የውሃ ቀለሙን ለጊዜው ያስቀምጡት። በጥቁር ወረቀት ላይ ሌሊቱ ቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቃል፣ ልጁ የሚጨምረው ብርሃኑን ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ግን ሰማዩን ሙሉ ማጥቆር አለበት፤ ወረቀቱ ይርሳል፣ ይጨማደዳል፣ ልጁም ዋናው ነገር ጋ ሳይደርስ ይሰለቻል።

አሁን ከሁሉ አስቀድመው ልጆቹ ልብ እንዲሉት የምፈልገውን ልንገርዎት። የካላንደሩን ሥዕል እንደገና ያሳዩአቸውና ጠርዙን ይጠይቋቸው። የብርሃኑ የታችኛው ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የላይኛው ግን የት ላይ እንዳለቀ አይታወቅም፣ እየሳሳ እየሳሳ ጨለማው ውስጥ ይገባል። የልጆቹ ሥዕል ብርሃን አልመስል ያለው ከላይም ከታችም እኩል የሆነ ጠርዝ ስለሚያደርጉለት ነው። ከታች ስል፣ ከላይ የሚሟሽሽ፤ ይህ ከተያዘ ቀለሙ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ሥዕሉ ያበራል። ካልተያዘ ዐሥር ቀለም ቢደረደር አያድነውም።

ይህንን ጠርዝ ለማግኘት ብሩሽ አያስፈልግም። ማንኛውንም አሮጌ ወረቀት ወስደው በእጅ ይቅደዱ፤ በመቀስ አይቁረጡት፣ ቀጥ ያለ መስመር አንፈልግም። የተቀደደው ጠርዝ ወጣ ገባ ብሎ ይውጣ፣ እንዲያውም ወዲያና ወዲህ እንዲታጠፍ አድርገው ይቅደዱት። በዚያ ጠርዝ ላይ ጠመኔውን በጎኑ ይዘው ጥቅጥቅ አድርገው ይቀቡበት። ከዚያ ወረቀቱን ጥቁሩ ካርቶን ላይ አጋድመው በግራ እጅ አጥብቀው ይያዙት፤ የተቀደደው ጠርዝ ወደ ላይ ይሁን። በቀኝ እጅ ሌባ ጣት ዱቄቱን ከወረቀቱ ላይ ጀምረው ወደ ካርቶኑ፣ ከታች ወደ ላይ ብቻ ይጎትቱት። አንዱን ሳብ ረዘም አድርገው፣ ቀጥሎ ያለውን አጠር አድርገው ጠርዙን ተከትለው ይሂዱ። ጣት ወደ ጎን ከሄደ ጨረሩ ይጠፋና ጭጋግ ይሆናል፤ ልጆች ይህንን ስለሚወዱት ደጋግመው ይንገሯቸው። ወረቀቱን ሲያነሡት ከሥሩ ጥርት ያለ ጥቁር፣ ከበላዩ ወደ ሰማይ የሚወጣ ብርሃን ያገኛሉ። ልጆቹ ወረቀቱን የሚያነሡባትን ቅጽበት ቆመው ይዩአቸው።

የሰሌዳ ጠመኔ ቀለሙ ደካማ ነው፤ አረንጓዴው ብቻውን በጥቁር ላይ ይሞታል። ስለዚህ መጀመሪያ ነጩን ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ ስስ አድርገው ይሳቡ፣ አረንጓዴውን በላዩ ይጨምሩ። ነጩ ከሥር ሆኖ አረንጓዴውን ያበራዋል። ነጭ እንዲታይ የሚፈቀደው በጣም ደማቅ በሆነችው አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው። በሁሉም ቦታ ከበራ የትም አልበራም።

ቅርጹን ሲያስተምሩ፣ ታጥፎ ታጥፎ የተሰቀለ መጋረጃ ከግርጌው ሆነው ወደ ላይ እንደሚያዩ ያስቡ። መጋረጃው በታጠፈበት ቦታ ጨርቁ ይደራረባል፤ የሰሜን ብርሃንም በሚታጠፍበት ቦታ ይደምቃል፣ በተዘረጋበት ይሳሳል። አንዱን የተቀደደ ወረቀት ትንሽ ወደ ላይና ወደ ጎን አዛውረው ሁለተኛ ጊዜ ከተጠቀሙበት ይህ መደራረብ በራሱ ይመጣል። ግን እባክዎ፣ ከሰማዩ ግማሽ የሚሆነው ጥቁር ሆኖ ይቅር። ልጅ ባዶ ቦታ ሲያይ መሙላት ይፈልጋል፤ እዚህ ሥዕል ላይ ባዶው ነው ብርሃኑን የተሸከመው።

መሬቱ መጨረሻ ይመጣል፣ እሱም ጥቁር ነው። ለሕፃናት በጣም የሚቀለው ከሌላ ጥቁር ካርቶን የተራራውን ወይም የዛፎቹን ቅርጽ በመቀስ ቆርጦ መለጠፍ ነው፤ የጠመኔው ዱቄት አይነካውም፣ ጠርዙም ይጠራል። የመሬት መስመርን ለመልመድ አንድ ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ወደ ጎሃ ኮረብታ ይውሰዷቸው። ብርሃኑ እየሄደ ሲመጣ ዛፉ፣ ቤቱ፣ ኮረብታው ዝርዝሩን ሁሉ ይጥልና አንድ ጥቁር ቅርጽ ይሆናል። ራቅ ያለው ተራራ ደግሞ ከቅርቡ ይልቅ ፈዘዝ ይላል። ይህንን በዓይኑ ያየ ልጅ በሌሊት ሥዕል ላይ የዛፍ ቅጠል አይቆጥርም።

ቀለምን ከቀለም ጋር በዝግታ ማዋሐድ ለከተማችን ባዕድ እንዳልሆነም ይንገሯቸው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተስፋፋውን ሁለተኛውን የጎንደር የሥዕል ዘይቤ ያዩ እንደሆነ፣ ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው መደብ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ድንበሩ ሳይታወቅ ሲሻገር ያገኙታል። የያኔዎቹ ሰዓሊዎች የሠሩትን ልጆቹ በጣታቸው እየሞከሩት ነው።

የፋሲል ግንብን በተመለከተ እኔ ይሣሉት ባይ ነኝ። አራቱ ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸው፣ ከእነሱ በላይ ከፍ ያለው አራት ማዕዘን ግንብ፣ በጣሪያው ዙሪያ ያለው ጥርስ ጥርስ ጠርዝ፤ በጥቁር ቅርጽ ብቻ ሊታወቅ ከሚችል ሕንጻ ሁሉ አንደኛ ነው። ከሥዕሉ ሥር «በምናብ» ብለው ይጻፉበት፤ ውሸት የሚባል ነገር አይኖርም።


የፊዚክስ መምህር፣ ማራኪ፦

ሰዓሊው ስለ ታችኛው ጠርዝ የጻፉት በሳይንሱም ልክ ነው። ምክንያቱን ልጨምርበት፤ ምክንያቱን የሰማ ልጅ ጠርዙን አይረሳውም።

ከፀሐይ የሚመጡ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ተከትለው ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ይወርዳሉ፤ እዚያም ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር ይጋጫሉ። የተመታው አቶም የተቀበለውን ኃይል በብርሃን መልክ ይመልሳል። ወደ ታች በተወረደ መጠን አየሩ በፍጥነት ስለሚወፍር ቅንጣቶቹ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ያልቃል። ጥርት ያለው የታችኛው ጠርዝ ይህ ነው። ወደ ላይ ግን አየሩ ቀስ በቀስ ስለሚሳሳ ብርሃኑም አብሮ ይሳሳል። ጨረሮቹ ቀጥ ብለው የሚቆሙትም የመግነጢሳዊ መስኩን መስመሮች ስለሚከተሉ ነው፤ ጣትን ወደ ጎን አትጎትቱ የተባለው ለዚህ ነው።

የቀለሙ ቅደም ተከተልም ከከፍታው ይመጣል። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ኦክስጅን አረንጓዴ ይሰጣል፤ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያው ኦክስጅን ቀይ ይሰጣል። ቀዩን ብርሃን ለመልቀቅ አቶሙ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ አየሩ ወፍራም በሆነበት ቦታ ሳያበራ ከሌላ ጋር ተጋጭቶ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ቀዩ ከላይ እንጂ ከታች አይገኝም። ብርሃኑ በጣም ሲበረታ ደግሞ ከአረንጓዴው ሥር ናይትሮጅን ሮዝና ሐምራዊ ቀጭን ጠርዝ ያወጣል። እንግዲህ ከታች ሮዝ በጣም ቀጭን፣ ከዚያ አረንጓዴ በሰፊው፣ ከላይ ደብዛዛ ቀይ። ቢጫው ጠመኔ ሣጥኑ ውስጥ ይቆይ።

አረንጓዴውን ወደ ተራራው ለሚያወርደው ልጅ ይህንን ይንገሩት፤ ራስ ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 4,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርሃኑ የሚጀምርበት ከፍታ የዚያን ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ተራራ ሁልጊዜ ከብርሃኑ ፊት ይቆማል። ደመናም እንዲሁ፤ ደመና የሚሥል ልጅ ካለ ብርሃኑን ከኋላው ያድርገው። ከዋክብት ግን በብርሃኑ ውስጥ አልፈው ይታያሉ።

በግንቡ ጉዳይ ላይ ከሰዓሊው ትንሽ እለያለሁ። «በምናብ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን አትበቃኝም፤ ለምን እዚህ እንደማይታይ ማወቅ አለባቸው። ይህ ብርሃን በመግነጢሳዊ ዋልታዎች ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚታይ ነው፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። ጎንደር በ12 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ሆና ከዚያ ቀለበት እጅግ ሩቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1859 በተነሣው ታላቅ የፀሐይ ማዕበል ጊዜ ብርሃኑ እስከ ካሪቢያን ድረስ ታይቷል፣ በግንቦት 2024ም ከወትሮው እጅግ ወደ ደቡብ ወርዶ ነበር፤ የዘወትር ቦታው ግን ሰሜኑ ነው።

ለትልልቆቹ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ከጎንደር ስትታይ ዝቅ ብላ፣ ከሰሜኑ ኮረብታ ብዙም ሳትርቅ ነው፤ በሰሜን ፊንላንድ ግን ከራስ በላይ ልትሆን ትቀርባለች። የጎንደሩ ሥዕል ላይ ዝቅ፣ የሰሜኑ ላይ ከፍ አድርገው ቢያስቀምጧት ሥዕሉን ያየ ሰው የት እንደቆመ ከኮከቧ ማወቅ ይችላል።


የቅዳሜ ገበያ ልጅ፣ ከሮቫኒየሚ፦

እትዬ መምህርት፣ ያደግሁት እዚያው ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ነው፤ አሁን የምኖረው ሰሜን ፊንላንድ፣ ሮቫኒየሚ ከተማ ነው። ብርሃኑን በዚህ አገር የበረዶ ክረምት ሁሉ ስለማየው ፎቶግራፍ የማይነግራችሁን ልጻፍ።

ዓይን የሚያየውና ካሜራ የሚያየው አንድ አይደለም። ደካማ በሆነ ሌሊት ብርሃኑ ለዓይን ግራጫ ነው፤ ቀጭን ደመና መስሎህ ልታልፈው ትችላለህ። ካሜራው ግን ለብዙ ሰከንድ ብርሃን ስለሚሰበስብ አረንጓዴውን አጉልቶ ያወጣዋል። እናቴ የላክሁላትን ፎቶ አይታ «ታዲያ በዚህ ሁሉ ብርሃን እንቅልፍ እንዴት ይወስድሃል?» አለችኝ። ስለዚህ ልጆቹ ቀለሙን አላደመቅነውም ብለው እንዳይከፉ፤ ደብዘዝ ያለውም ሥዕል እውነተኛ ነው። ሲበረታ ግን በዓይንም አረንጓዴ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ድንገት ይሰነጠቅና ጨረሮቹ አንዱ ሌላውን እያባረረ ሰማዩን ያቋርጣሉ። አንድ ሌሊት ኦውናስዮኪ ወንዝ ዳር ቆሜ ጓንቴ ላይ የነበረው በረዶ አረንጓዴ ሲሆን አይቻለሁ።

በሥዕሉ ላይ የሚጠቅማችሁም ይህ ነው፤ በረዶ ነጭ ሆኖ አይቀርም። ሰማዩ አረንጓዴ ሲሆን በረዶውም ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ጥላው ሰማያዊ ይሆናል። ነጩን ጠመኔ በመሬቱ ላይ ስስ አድርገው፣ በላዩ አረንጓዴውን በጥጥ ዳሰስ ያድርጉት። ሐይቅ የሚሥል ልጅ ካለ ወቅቱን ይምረጥ። መስከረም ላይ ውሃው ገና በረዶ ስላልሆነ ብርሃኑ እንደ መስታወት ተገልብጦ ይታይበታል፤ በክረምቱ ግን ሐይቁ በረዶ ነውና ከሌላው ሜዳ አይለይም። በረዷማ ሜዳና ብርሃኑን የሚያንጸባርቅ ሐይቅ አንድ ላይ ከሣሉ እዚህ ያለ ሰው ወዲያው ያውቅባቸዋል።

ዛፎቹ ስፕሩስ ይባላሉ። ቁመታቸው ረጅም፣ ወርዳቸው ጠባብ ነው፤ ቅርንጫፎቻቸው ወደ ታች ያዘነበሉ ናቸው፤ በረዶው እንዲንሸራተት። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ጥድ ጋር እንዳያመሳስሉት፤ የእኛ ጥድ ሰፋ ይላል። መሬቱ ደግሞ የስሜን ተራሮች ዓይነት ገደል የለውም። ኮረብታዎቹ ዝቅ ያሉ፣ ጀርባቸው የለዘበ ነው። ሹል ተራራ ከባሕር ዳር የሚፈልግ ልጅ ካለ የኖርዌይን ሎፎተን ይሣል።

አንዲት ትንሽ ቤት ከዛፎቹ ሥር ቢያስቀምጡና መስኮቷን በቢጫ ጠመኔ ቢነኩ አረንጓዴው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የማራኪው መምህር ቢጫውን ሣጥን ውስጥ አስቀርተውታል፤ ለሰማዩ እስማማለሁ፣ ለመስኮቱ ግን ይስጡን።

ግንቡን ይሣሉት። እኔ በየሌሊቱ የማስበው እሱን ነው።


የአዘዞ መምህርት፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ሁላችሁም ከጠበቅሁት በላይ ጻፋችሁልኝ። ዐርብ ሞከርነው። የተቀደደው ወረቀት ሲነሣ የሰባተኛ ክፍሎቹ ጮኹ፣ የአምስተኛዎቹ ዝም ብለው ጣታቸውን አዩ። አንድ ልጅ ወረቀቱን በጣም ጥልቅ በሆነ ጥምዝ ቀድዶት ስለነበር የእሱ ብርሃን ከሁሉም በልጦ የታጠፈ ወጣ፤ ሌሎቹ ያንኑ ወረቀት ለመዋስ ተሰለፉ። የመግነጢሱን ነገር በሰሌዳ ላይ አስረዳኋቸው፤ ከዚያ በኋላ የግንቡ ክርክር በራሱ አለቀ። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሥዕል ይሠራል፤ አንዱ ሮቫኒየሚ፣ ሌላው ጎንደር በምናብ።

አሁን የቀረኝ ዱቄቱ ነው። ሥዕሎቹን ስንደራርባቸው ይጠፋፋሉ። በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ግድግዳ ላይ ልንሰቅላቸው ስለምንፈልግ ምን ላድርግ? ከዋክብቱንም ልጆቹ በነጭ ጠመኔ ሲነጥቡ ትልልቅ ክብ እየሆነባቸው ነው።


ሰዓሊ ከፒያሳ፦

መምህርት፣ ደስ አሰኙኝ። ያንን ጥምዝ ወረቀት አይጣሉት፤ እስኪያልቅ ይሥሩበት።

ለዱቄቱ የፀጉር ስፕሬይ ይበቃል። ልጆቹ ሳይሆኑ እርስዎ ይርጩት፣ ከክፍል ውጭ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት። ሥዕሉን በመጀመሪያ ከጀርባው መታ መታ አድርገው ያልያዘውን ዱቄት ያራግፉ። ከዚያ መሬት ላይ አጋድመው ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት በስሱ ያልፉበት፤ ይድረቅ፣ እንደገና በስሱ ይለፉ። በአንድ ጊዜ ካራሱት ዱቄቱ ይንጠባጠባል። ስፕሬዩ ጠመኔውን ትንሽ ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ ሲደርቅ ደማቋን የታችኛ ጠርዝ በነጭና በአረንጓዴ አንድ ጊዜ ደግመው ይንኳት። ያቺን ብቻ፣ ሌላውን አይንኩ። እስከ ወላጆች ቀን ድረስ በየሥዕሉ መካከል ስስ ወረቀት ያስገቡ፤ ከላይ ክብደት አይጫኑባቸው።

ለከዋክብቱ ጠመኔውን ይተዉት። ከውሃ ቀለሙ ሣጥን ነጩን በጣም ጥቂት ውሃ ወፍራም አድርገው ይበጥብጡ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጫፉን ይንከሩና በአውራ ጣት ጥፍር ፀጉሩን ወደ ራስዎ እየሳቡ ይልቀቁት። መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ላይ ይሞክሩ፤ የመጀመሪያው ርጭት ሁልጊዜ ትልልቅ ጠብታ ያወጣል። ይህም ከስፕሬዩ በኋላ ይሁን፣ መሬቱ ግን ከመለጠፉ በፊት፤ ያለበለዚያ ከዋክብቱ ተራራው ላይና የፋሲል ግንብ ላይ ይረግፋሉ። የሰሜን ኮከብን ብቻ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ለይተው ያስቀምጧት፤ የማራኪው መምህር እንዳሉት በጎንደሩ ሥዕል ላይ ዝቅ ብላ፣ ከማማው ጉልላት ትንሽ ከፍ ብላ ትሁን።